ደብረ ማርቆስ ወይስ እንጅባራ? የምህንድስና ትምህርት ቤት አመራረጥ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲከፈት ጎጃም ውስጥ ክርክር የሚነሳው በመጀመሪያው ምርጫ ላይ አይደለም። ባሕር ዳር ፖሊን (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የምህንድስና ተቋም) ሁሉም ያውቀዋል። ጭንቁ ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ይቅደም ወይስ እንጅባራ?

1. መጀመሪያ ዲፓርትመንቱን ፈልጉ። የምትመኙት ዘርፍ በሁለቱም መኖሩን አረጋግጡ። ዲፓርትመንት የሚመደበው ከግቢ ከገባችሁ በኋላ በውጤትና በቦታ ብዛት ስለሆነ፣ አምና ስንት ተማሪ እንደተቀበለና የመጨረሻው የገባው በስንት ነጥብ እንደሆነ ጠይቁ።

2. ላቡን (ቤተ ሙከራውንና ወርክሾፑን) በሲኒየር፣ በነባር ተማሪ አፍ አስመርምሩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ድረ ገጽ ላይ ያለ ፎቶ አያታልላችሁ፤ አዲስ ማሽን ሁሉ ፎቶ ላይ ያምራል። እዚያ የሚማር የአጎት ልጅ ወይም የሰፈር ልጅ አይጠፋም፣ ደውሉለት። «ላብ አለ ወይ?» ካላችሁት «አለ» ብሎ ይዘጋዋል። ይልቅ እንዲህ በሉት፦ ሰርቬይንግ (የመሬት ቅየሳ) ስትማሩ ለአንድ ቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መሣሪያ) ስንት ሆናችሁ ነው? ራስህ ተክለህ አንብበሃል ወይስ ዙሪያውን ቆመህ አየህ? ሌዝ ማሽን (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ በእጅህ ብረት ቆርጠህ ታውቃለህ? «ማሽኑ አለ፣ ግን ተቆልፎበታል» ካላችሁ እንደሌለ ቁጠሩት።

3. የመውጫ ፈተናውን ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያለ እሱ መመረቅ የለም፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የዩኒቨርሲቲውን አጠቃላይ ውጤት ትታችሁ የዲፓርትመንቱን ለይታችሁ ጠይቁ።

4. ተማሪዎቹ ለኢንተርንሺፕ (ለተግባር ልምምድ) የት እንደሚወጡ እወቁ። የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካው ከሁለቱም ከተሞች መሃል ናቸው፤ ቅርበት ግን መግቢያ አይሆንም። ዲፓርትመንቱ ራሱ ቦታ ያገኝላቸዋል ወይስ ተማሪው ደብዳቤ ይዞ ይንከራተታል?

5. ወጪና መንገድ። ሁለቱም የመንግሥት ስለሆኑ ልዩነቱ ትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ ነው። ብርዱ ከሁለቱም አይቀርም፣ ጋቢ ያዙ።

የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ደግሞ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘው ዕውቅና ለዚያው ዘርፍና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን አጣሩ። ሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ፈቃድ እዚህ አይሠራም።

ምርጫውን ስትሞሉ ቅደም ተከተሉን ደግማችሁ አንብቡና የሞላችሁትን ገጽ ስክሪንሹት አንስታችሁ አስቀምጡ። ቀኑ ካለፈ በኋላ መቀየር አይቻልም።