ማንበብ መቻሉን እንዴት ትጠይቁታላችሁ?

መጠይቅ ይዛችሁ ቤት ለቤት ልትዞሩ ነው? እኔ አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ዞሬበታለሁ። የንባቧ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ጉድ የምትሠራው ግን እሷ ናት።

የአባወራውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። «ሁላችንም እናነባለን» ይላል፤ ባለቤቱ ግን ጓዳ ናት፣ ማንም አልጠየቃትም። ብዙ የሕዝብ ቆጠራ እንዲህ አንዱ ለቤተሰቡ ሁሉ እየመለሰ የተሠራ ነው። የድሮው መለኪያ ደግሞ ከዚህም የቀጠነ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1754 ጀምሮ ሙሽሮች መዝገብ ላይ ይፈርሙ ነበር፤ የታሪክ አጥኚዎችም የፈረመውን ከተማረ፣ ምልክት ያደረገውን ካልተማረ ይቆጥሩታል። ስዊድን ከ1686ቱ (እ.ኤ.አ.) የቤተ ክርስቲያን ሕግ በኋላ ቄሶች ንባብ ይፈትኑ ነበር፤ መጻፍ ግን አይጠየቅም። እኛም ዘንድ ዳዊት እየደገሙ ብዕር ያልጨበጡ አሉ።

ስለዚህ የሚነበብ ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ስጡ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ «እርሻ ከባድ ሥራ ነው» ዓይነት። ጸሎት እንዳትጽፉበት! «አባታችን ሆይ» ካላችሁ እማማ ካርዱን ገልብጣችሁ ብትሰጧቸውም አያቆሙም። «የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አለኝ» ለሚሏችሁም ካርዱን ስጧቸው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ፊደል ካልተነካካ ይረሳል።

በዚህ አካባቢ የቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል የተዘጋጀ፣ ካርድም ያስፈልጋችኋል። በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ቁቤ የሚያንበለብለውን ልጅ የአማርኛ ካርድ ብቻ አሳይታችሁ «አይችልም» ብትሉት ግፍ ነው። «መነጽሬ የለም» ያለውን ደግሞ ለብቻው መዝግቡት፤ እውነት ይሁን ሰበብ እናንተ አትፈርዱም። በልጆቹ ፊትም ሰው አታስነብቡ።

ሙሉውን አነበበ፣ ከፊሉን አነበበ፣ ምንም አላነበበም፤ ሦስቱን ለያዩ። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከፊሉን ያነበበውንም «ይችላል» ብሎ ቆጥሮ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 42 በመቶ፣ ከወንዶች 69 በመቶ አግኝቷል። በዚያ ጥናት ከፍተኛ ትምህርት የደረሰው ካርዱ አልተሰጠውም፤ ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። ዩኔስኮ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ትርጉም እየተረዱ ማንበብንም መጻፍንም ይጠይቃል። እናንተም ካስነበባችሁ በኋላ «ምን ይላል?» በሉ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አቀብሉ።

ቁጥሩን ስታስረክቡ እንዴት እንደጠየቃችሁ አጠገቡ ጻፉ። በ1950 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም ጎልማሶች 44 በመቶ ገደማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ዛሬ ከ15 በመቶ በታች ሆነዋል። ለውጡ እውነት ነው። ግን ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም፤ ማን ተጠየቀ፣ በምን ካርድ የሚለውን የሚያውቀው መስክ የወጣው ጠያቂ ነው።