የልጆች የመኪና ወንበር፦ ታጥቦም የሚሸት፣ አልቆለፍም የሚል

ሽፋኑን ማጠቡን፣ ፍርፋሪውን በቫኪዩም መሳቡን ታውቁታላችሁ። እሱን እንለፈው። የምጽፈው ይህ ሁሉ ተደርጎም እምቢ ስላለው ነው።

ታጥቦም ይሸታል

ምልክቱ፦ ጠዋት ደህና ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲውል ግን ገና በሩን ስትከፍቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

መንስኤው፦ አብዛኛውን ጊዜ ወተት ነው። ሰው ሽፋኑን ደጋግሞ ያጥባል፤ ወተቱ ግን እዚያ የለም። በስፌቱ ሾልኮ ስፖንጁ ውስጥ ገብቷል። ከዚያም በፕላስቲኩ ቀዳዳ ወርዶ የመኪናውን ወንበር አርሷል። ስቡና ፕሮቲኑ እዚያ ይበላሻል። ሙቀት ባገኘ ቁጥር ሽታው ይነሳል።

አንድ አባት መስታወቱ ላይ ሦስት የመኪና ሽቶ አንጠልጥሎ መጣ። ግማቱ አልጠፋም፤ ቫኒላ ተጨመረበት እንጂ። የልጁን ወንበር ሳነሳው ከስሩ ሰፊ ቢጫ እድፍ ወጣ። ከፊተኛው ወንበር ሐዲድ ስር ደግሞ ክዳኑ የላላ ጡጦ። «መኪናው እኮ በቅርቡ ታጥቧል» አለኝ። አዎ፣ የልጁ ወንበር ከነቦታው ተቀምጦ ዙሪያው ታጥቧል! እንዲህ ያለው እጥበት ያናድደኛል። አንዲት እናት ደግሞ የፈላ ውሃ አፍስሳበት ነበር። ሙቅ ውሃ ፕሮቲኑን ያረጋና ክሩ ላይ ያጣብቀዋል። እንደዚያ ያስቸገረኝ ወንበር የለም።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ የቀበቶውን አካሄድ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የልጁን ወንበር ከመኪናው አውጡ። የመኪናውን ወንበር በቀዝቃዛ ውሃ አርጥባችሁ በደረቅ ፎጣ ተጫኑት። አትፈትጉት፤ ስትፈትጉ እድፉን ወደ ታች ነው የምትገፉት። ቀጥሎ ኤንዛይም (ስብና ፕሮቲን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለው ማጽጃ እድፉ እስከደረሰበት ጥልቀት ድረስ አጠጡት። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ዋጋ የለውም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ። በረኪና አታስጠጉ፣ ኤንዛይሙን ይገድለዋል። በመጨረሻ ውሃውን በቫኪዩም ምጠጡ (እርጥብ የሚስበውን ዓይነት ማለቴ ነው)። በሮቹን ከፍታችሁ እስከ ውስጡ ይድረቅ። ሳይደርቅ ከዘጋችሁት ወተቱን በሻጋታ ለወጣችሁት ማለት ነው።

የልጁን ወንበር ሽፋን መመሪያው በሚለው መንገድ እጠቡ። ከስሩ ያለውን ነጭ ደረቅ ፎም ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ። ቤንዚንና ቲነር ያሟሟዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የፊት ወንበሮች ስር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ ውሃ አትርጩበት፣ አትንቀሉትም። የኤርባግ መስመር ነው።

ዘለበቱ «ቀጭ» አይልም

ጁስ፣ ብስኩት፣ ዘቢብ። ሌላ ምስጢር የለውም። መመሪያው ከፈቀደ ዘለበቱን ብቻ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀዩን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ። አራግፋችሁ አድርቁት። ዘይትና ግሪስ በፍጹም! ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል። ታጥቦም «ቀጭ» ካላለ ልጅ አይቀመጥበት።

የልጁ ወንበር ቀበቶ ጠቁሯል

እርጥብ ጨርቅና ትንሽ ለስላሳ ሳሙና፣ በቃ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን አይገባም። አይነከርም። በረኪና አይነካውም። በካውያም አይተኮስም። አንዱ በረኪና የነካ ቀበቶ ይዞ መጥቶ «እንዴት እንደነጣ እዩልኝ» አለኝ። ነጥቷል፤ ክሩ ምን ያህል እንደደከመ ግን በዓይን አይታይም። እንዲህ የሆነ ቀበቶ ከወንበሩ አምራች በሚመጣ አዲስ ይቀየራል። በገበያ የተገኘ «የሚመስል» ቀበቶ አትግጠሙ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ኤሲ ሲበራ ብቻ የሚሸት ከሆነ የካቢን ፊልተሩን (ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን) ቀይሩ። ከፊት ያለው ምንጣፍ ያለ ምክንያት ከረጠበ የኤሲው የውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኖ ይሆናል።

መልሳችሁ ስትገጥሙ

ቀበቶው የትም ቦታ አይጠማዘዝ። የመኪናው ቀበቶ በሚያልፍበት ቦታ ወንበሩን ይዛችሁ ነቅንቁት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ እንደገና አጥብቁት። ወንበሩ እጃችሁ ላይ እያለ ደግሞ ገልብጣችሁ ፕላስቲኩ ላይ የታተመውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ፈልጉ። ካለፈ ለማጠብ አትድከሙ።