«ሐሳቤ እምቢ አለኝ»፦ አስተውሎት ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ አስተውሎት (ማይንድፉልነስ፦ ያሉበትን ቅጽበት ልብ ብሎ መከታተል) መለማመድ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ይዞት የሚመጣው አቤቱታ ያው ነው፦ «እኔ አልሆነልኝም፤ ሐሳቤ እምቢ አለኝ።» ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን መከታተል ይጀምራል፤ ሁለቴ ሳይተነፍስ ልቡ ሰኞ ገበያ ደርሶ የጤፍ ዋጋ ይጠይቃል። ይናደዳል፣ ራሱን ይሰድባል፣ ተነሥቶ ይሄዳል። ኧረ ወገኔ! አእምሮ ባዶ ይሁን ያለው ማነው? ሐሳብ ይንከራተታል፤ ሥራው ነው። ልምምዱ መሄዱን ባወቁባት ቅጽበት ላይ ነው ያለው። «ሄድኩ» ብሎ ማወቅ፣ ሳይሳደቡ ወደሚቀጥለው ትንፋሽ መመለስ፤ አንድ ዙር ማለት ይኸው ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ 30 ጊዜ ሄዶ 30 ጊዜ የተመለሰ ሰው 30 ዙር ሠርቷል። መያዣ ካስፈለገዎት አየር ባስወጡ ቁጥር አንድ ቁጥር እየጠሩ ከ1 እስከ 10 ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከጠፋብዎት ከ1 ይጀምሩ። ስንት ጊዜ እንደጠፋብዎት ግን አይቁጠሩ።

ትንፋሽን ማስገደድም አለ። ደጋግሞ በጥልቀት የሚስብ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቶቹንና ከንፈሩን ይነዝረዋል፤ እሱ ግን «መንፈስ መጣ» ይላል። ትንፋሹ እንደመጣ ይምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ የወጣ እንግዳ ትንፋሹ ትንሽ ቢፈጥንበት አይገረም።

በረጅሙ መጀመር። አሜሪካዊው የአስተውሎት አሠልጣኝ ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ውስጥ ለሕሙማን የጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና በቀን 45 ደቂቃ ያህል የቤት ልምምድ አለው፤ ይህ ግን ከአሠልጣኝና ከቡድን ጋር ነው። ብቻዎን ሲጀምሩ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱን ከለመዱት ነገር ጋር ያያይዙት፦ ጀበናው ተጥዶ አቦል እስኪቀዳ ድረስ። ጀርባዎን ሳያስደግፉ፣ ሁለት እግርዎን መሬት አስረግጠው ይቀመጡ። የጦሳ ብርድ ካስቸገረ ጋቢ ይደርቡ፤ አልጋ ውስጥ ሆኖ መለማመድ ግን እንቅልፍ ነው።

ስልክዎን ለማንቂያ ከተጠቀሙበት ኢንተርኔቱን ያጥፉ።

ምርቃናን አስተውሎት ነው ማለት። ይህን በእኛ አገር ካልተናገርነው የት ልንናገረው ነው? በርጫ ላይ ሐሳብ ሲሳል፣ ጆሮ ሲቀና፣ «እኔማ በየቀኑ አሰላስላለሁ» የሚል ሰው ሞልቷል። ጫት አነቃቂ ነው፤ የልብ ምት ይጨምራል፣ ትኩረቱንም የሚሰጠው እሱ ነው። ማታ ሲወርድ ብስጭቱና እንቅልፍ ማጣቱ ይመጣል። መናወዙን አውቆ የመመለስ ችሎታ ግን አይገነባም። (ጫት ተይዞ የሚደረገውን የዱዓ ነገር ለባለቤቶቹ ትቼዋለሁ።) ሳይቅሙ፣ በጠዋት ይለማመዱ።

ለራስ ቶሎ «አብሽር» ማለት። ለሰው ሲሉት መድኃኒት ነው፤ ለራስ ግን ስሜቱ ሳይታይ መክደኛ ይሆናል። ቁጣ ሲመጣ መጀመሪያ የት እንዳለ ይፈልጉት፦ መንጋጋ ላይ? ደረት ላይ? ስሙን ይጥሩት፣ ሦስት ትንፋሽ ይቆዩበት። ከዚያ የሚናገሩትን ይናገሩ። በይሉኝታ ዋጥ አድርጎ ዓመት ሙሉ ቂም ይዞ መዞርን ትዕግሥት የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ትዕግሥት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀልድ የለውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እዚሁ የነበረ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ያየው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ይህ ሲሆን «ልቻለው» ብሎ መግፋት ስህተት ነው። ዓይንዎን ይክፈቱ፣ እግርዎ ወለሉን ሲነካ ይሰማዎት፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያዩዋቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ይጥሩ፣ የዕለቱን ልምምድ ያቁሙ። ከተደጋገመ ብቻዎን መሞከሩን ትተው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ።