ጥቁር ጨርቅ አትስቀሉ፦ የልጆች የጠፈር ልደት ስንደግስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው "የኔ ልደት ጠፈር ላይ ይሁን" አለኝ። እሺ አልኩት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንዲህ ያለ ልደት አይቼ ስለማላውቅ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እንዳለ ገለበጥኩት። ግማሹ ተበላሸ። በዓመቱ ባሕር ዳር ያለችው የእህቴ ልጅ ያንኑ ስትጠይቅ ግን ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን አስበንበት ደገስን፣ ልጆቹ እስካሁን ያወሩታል። በሁለቱ ልደቶች መሀል የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ትልቁ ስህተቴ ጥቁር ጨርቅ ነው። ፎቶዎቹ ላይ ግድግዳው ሁሉ ጥቁር ነው፣ ጠፈር ጨለማ ስለሆነ። እኔም ከገበያ አሥር ሜትር ጥቁር ጨርቅ ገዝቼ ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሸፈንኩት፣ ከፎይል የቆረጥኳቸውን ኮከቦችም ለጠፍኩበት። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ "ምነው ልጄ፣ ማን አረፈ?" አለችኝ። ኮከቡን አላየችውም። ያየችው ጥቁሩን ነው። እኛ ዘንድ ጥቁር የሐዘን ልብስ ነው፣ ያውም በሰፈራችን ገና ከል ያላወጡ እናት አሉ፣ እሳቸውም ተጠርተዋል። ጨርቁ እስኪወርድ ድረስ እናቴ እግሯን ወደ ውስጥ አላስገባችም፣ እውነቷን ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ተዉት። ለደንብ ልብስ የሚሸጠው ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ጨርቅ ርካሽ ነው፣ ፎይሉም በላዩ ላይ ይበልጥ ያበራል። ሐምራዊ ጣል ብታደርጉበት ደግሞ ልክ ፀሐይ ጠልቃ ገና ሳይጨልም ያለውን ሰማይ ይመስላል። ትንንሾቹም አይፈሩም። ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ማልቀስ ይጀምራሉ፣ አንዱ ካለቀሰ ደግሞ ሁሉም ተከትለው ነው።

ሁለተኛው ስህተት መጥሪያው ላይ "የጠፈርተኛ ልብስ ለብሳችሁ ኑ" ብሎ መጻፍ ነው። ጻፍኩት። አንድ የክፍሉ ልጅ ቀረ። በኋላ እናቱን ቡና ላይ ሳገኛት "የምትሉት ልብስ የት እንደሚሸጥ አላወቅኩም፣ ልጄ ብቻውን ያለ ልብሱ ከሚገባ ብዬ ነው" አለችኝ። እንዴት እንዳፈርኩ! ልጁ ከልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ነው። ልብሱን አዘጋጅቶ መጠበቅ ያለበት ደጋሹ ነው እንጂ እንግዳው አይደለም። ባሕር ዳር ላይ እህቴ ከሱቅ ባዶ ካርቶን ለምና ሰበሰበች፣ ነጭ ወረቀት ለበጠችው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል የኦክስጅን ጋን ከሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሠራች። ልጆቹ እንደገቡ ስማቸውን ራሳቸው ጻፉበት። ይኸው ነው ልብሱ።

ደግሞም የጠራችሁት ቁጥርና የሚመጣው ቁጥር አንድ አይደለም። አሥራ አምስት ልጅ ከጠራችሁ ሃያ አምስት ይመጣል፣ ታናሽ ወንድሙን ያላዘለ የለም፣ የጎረቤት ልጅም ሙዚቃ ከሰማ ይገባል። እንዲገባም እንፈልጋለን። ስለዚህ ጋኑንም፣ ፈንዲሻውንም፣ ጨዋታውንም ለሃያ አምስት አዘጋጁት።

የራስ ቁር ነገር ሲመጣ ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ። ፌስታል ወይም ማንኛውንም ስስ ላስቲክ በልጅ ራስ ላይ አታጥልቁ፣ ለፎቶ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ላስቲኩ አፍና አፍንጫ ላይ ከተጣበቀ ልጅ ይታፈናል። የካርቶን ቁር ይበቃል፣ ፊቱ በሰፊው የተከፈተ፣ ከአንገት ጋር ያልታሰረ። ፊኛም እንደዚሁ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ትንንሽ ልጆች አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ጉሮሮ ላይ ከተለጠፈ ለማውጣት አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ አንድ ትልቅ ልጅ ወይም አክስት ቁራጭ መልቀም ብቻ ሥራዋ ይሁን። ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ፊኛ ከገዛችሁ ምን እንደተሞላ ጠይቁ። ሂሊየም አይቃጠልም። ሃይድሮጂን ከሆነ ግን የልደት ሻማ ሲነካው በእሳት ይፈነዳል፣ ሁለቱን ደግሞ በዓይን መለየት አይቻልም። እኔ እርግጠኛ ስላልሆንኩ በአፍ የተነፋውን በክር ጣሪያ ላይ ሰቀልኩ። ፕላኔት መስሎ ታየ።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ጥቁር ክሬም የተቀባ ኬክ አታዝዙ፣ የልጆቹ ጥርስና ከንፈር ሁሉ ይጠቁራል፣ የእሑድ ልብሳቸውም እንደዚያው። ከዚያ በላይ ግን ጾሙን ቀን መቁጠሪያ ላይ ሳታዩ ቀን አትቁረጡ። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ፍልሰታን ደግሞ ሕፃናቱም ይጾማሉ። ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ፊታቸው አስቀምጦ "አንተ ትበላለህ፣ አንተ አትበላም" ማለት ልጅን ማሳቀቅ ነው።

እኛ ባሕር ዳር ላይ ኬኩን ትተን ድፎ ዳቦ ጋገርን፣ ጨረቃዋ እሱ ነው። ድፎ ክብ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ለሁሉም ይበቃል፣ የጾምም ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊጋገር ሲል እናቴ በስኒ ግርጌ እዚህም እዚያም ጫን ጫን አደረገችው፣ አንዱን ጠለቅ፣ አንዱን ላላ፣ ሁለቱን ደግሞ አነባብራ። ተጋግሮ ኮባው ሲገለጥ ፊቱ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ወጣ፣ የቅጠሉ ሥር ደግሞ በላዩ ላይ ቀጫጭን መስመር ጥሎበታል። አንዲት ልጅ ጣቷን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ከትታ "ይኼን ማን ቆፈረው?" አለች። እዚያው ነገርናት፦ የእውነተኛዋን ጨረቃ ጉድጓዶች ከጠፈር እየመጡ የወደቁባት ድንጋዮች ናቸው የቆፈሯት፣ እዚያ ነፋስና ዝናብ ስለሌለ ሳይደፈኑ ይኖራሉ፣ በ1961 ዓ.ም ሐምሌ የወረዱት ጠፈርተኞች ዱካ ሳይቀር። ከዚያ ቆርሰን በላናት። ፈንዲሻው ኮከብ ሆነ፣ እሱን እንኳ ማስረዳት አላስፈለገም።

ጉድጓዱ እንዴት እንደሚፈጠር ለማሳየት ትሪ ላይ ዱቄት ዘርግታችሁ ድንጋይ ጣሉበት የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። አታድርጉት። እህል መጫወቻ አይሆንም፣ አያቶች በተቀመጡበት ዱቄት መሬት ላይ ሲበተን ማየት ለእነሱ ነውር ነው፣ ለልጆቹም ጥሩ ትምህርት አይደለም። ደረቅ አሸዋ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጠጠር ከዝቅታና ከከፍታ እየጣሉ የትኛው ትልቅ ጉድጓድ እንደሚያወጣ ይወዳደሩ።

ሮኬቱ ላይም ተሳስቻለሁ። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፣ ጋዙ በቡሽ የተደፈነ ጠርሙስ ውስጥ ሲጠራቀም ይገፋል፣ ሮኬት የሚሆነውም ለዚህ ነው። እኔ ጠርሙሱን በእጄ ይዤ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጌ፣ ልጆቹን ዙሪያዬን ሰብስቤ አናወጥኩት። ቡሹ የአንዱን ልጅ ጆሮ ታክኮ አለፈ። እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል። የላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ፣ የመስታወት በፍጹም አይሆንም። ሜዳ ላይ፣ ጠርሙሱ ተገልብጦ በሦስት እርሳስ እግር ላይ ቆሞ፣ ልጆቹ ሰፊ ሜዳ ርቀው ከመስመር ኋላ ሆነው ነው። አዋቂ ብቻ ሶዳውን በሶፍት ጠቅልሎ ይክተት፣ ይድፈን፣ ይሩጥ። ልጆቹ ከአሥር ወደ ኋላ ይቁጠሩ፣ የሚወዱት እሱን ነው።

ፕሮጀክተር ተከራይቼም ነበር። መብራት ጠፋ። ሌላ ምን ልበላችሁ፣ ድግሱን ሶኬት ላይ አትመሥርቱት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ሰው ብቻ እንዳይሆን። ልጄ "ኢትዮጵያ ሮኬት አላት?" ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ፣ ሳልዘጋጅ ስለነበር። አሁን የምመልሰው አለኝ፦ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና መጠቀች፣ 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፣ የአንድ አዋቂ ሰው ክብደት ማለት ነው፣ ከእንጦጦም ይከታተሏት ነበር። የፕላኔቶቹም ስም በእኛው አለ። ሜርኩሪ ዐጣርድ፣ ቬነስ ዝሁራ፣ ማርስ መሪኅ፣ ጁፒተር መሽተሪ፣ ሳተርን ዙሐል። ልጆቹ በአምስት ቡድን ተከፍለው እነዚህን ስሞች ወሰዱ፣ "መሪኅ! መሪኅ!" እያሉ ሲጮኹ ግቢው ተናጋ። ፍኖተ ሐሊብንም፣ ፀሐያችን ያለችበትን የኮከቦች ስብስብ፣ ስንነግራቸው ማብራራት አላስቸገረም፣ ፍኖተ ሰላምን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። ያ የሰላም መንገድ፣ ይኼ የወተት መንገድ። ወደ ጠፈር የወጣው የመጀመሪያው ሰው ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም ጉዞውን በ108 ደቂቃ ጨርሷል፣ ከማርቆስ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ በሚፈጀው ጊዜ ገደማ ምድርን ዞረ ብትሏቸው ይገባቸዋል።

ርቀትን በቁጥር ብቻ መንገር ግን ከንቱ ድካም ነው። በጤፍ አሳዩዋቸው። አንዲት ፍሬ ጤፍ መዳፋቸው ላይ አድርጉ፣ መሬት ናት። ፀሐይ ያኔ ትልቅ ብርቱካን ታክላለች፣ ብርቱካኑን የያዘው ልጅ 11 ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። ጨረቃ ከጤፏ ሦስት ሣንቲ ሜትር ብትርቅ ነው። ጁፒተር ሽምብራ ነው፣ ከብርቱካኑ ወደ 57 ሜትር ስለሚርቅ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ተሻግሮ ይቆማል። እኛ ስንጫወተው አንዱ ልጅ ጤፏን ጣላትና ሁሉም ተንበርክኮ "መሬት ጠፋች!" እያለ ፈለጋት።

የመጨረሻው ስህተት ሰዓቱ ነው፣ ለኔ ከሁሉም የሚቆጨኝ። የልጄ ድግስ በስምንት ሰዓት ተጀምሮ በአሥራ አንድ ሰዓት አለቀ። ስለ ኮከብ ስናወራ ውለን ኮከብ ሳይወጣ ልጆቹን ወደ ቤት ሰደድናቸው። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው የምትጠልቀው፣ ስለዚህ በአሥር ሰዓት ጀምሩና አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ሰማዩ አይከፈትም፣ ልደቱን ከመስቀል ወዲህ ማዛወር ይሻላል፣ ልጅም ቢነገረው ይገባዋል። ጨረቃዋንም አስሉ። ሙሉ ስትሆን ብርሃኗ ኮከቦቹን ይውጣቸዋል፣ ከወጣች ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሲሆናት ግን በተራ ባይኖኩላር እንኳ ጉድጓዶቿ ጥላ ጥለው ይታያሉ። ባይኖኩላሩን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ከመጥለቋ በፊት ለልጅ አትስጡ። በእሱ ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል።

ባሕር ዳር ላይ ምንጣፉን ግቢው መሀል አንጥፈን የደጁን አምፖል አጠፋን። ጨረቃዋ ከኮባው በላይ ነበረች። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ አዩ። ያቺ ድፎው ላይ ጣቷን ከትታ የነበረችው ልጅ ተራዋ ሲደርስ ረጅም ጊዜ አየችና ባይኖኩላሩን ሳትመልስ "እትዬ፣ የበላነው ቦታ አልጎደለም" አለች።

ልጆቹን በጨለማ ወደየቤታቸው የሚያደርስ ሰው ግን አስቀድማችሁ መድቡ፣ ለወላጆቻቸውም የሚመለሱበትን ሰዓት መጥሪያው ላይ በትልቁ ጻፉላቸው።