ያንኑ ታሪክ ደጋግሞ የሚያወራ ጌም እንዴት ይታያል

ድሬዳዋ መጋላ ያደግንበት ጌም ቤት የደረስክበትን የሚያስቀምጥ ሚሞሪ ካርድ አልነበረውም። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን የከፈተ ልጅ ሁሌ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ የምንጫወተው ሲጄ እናቱ ሞታበት ከሊበርቲ ሲቲ ይመለሳል፣ ገና ታክሲ ውስጥ እያለ ቴንፔኒ የሚባለው ፖሊስ ያስቆመዋል፣ ብሩን ይቀማዋል፣ ወስዶ የጠላት ሰፈር ይጥለዋል፣ እሱ ሳይክሏን ያነሳና ወደ ሰፈሩ ወደ ግሮቭ ስትሪት ይነዳል። ሰዓት ሲያልቅ ባለቤቱ "ተነስ!" ይላል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል፣ ሲጄ እንደገና ይመለሳል። ያንን መጀመሪያ ከሰው ትከሻ በላይ አንገቴን አስግጌ ስንቴ እንዳየሁት ቁጥር የለውም፣ መጨረሻውን ያየሁት ግን ትልቅ ከሆንኩ በኋላ በኮምፒውተር ነው። እና አንድም ቀን የሰለቸው ልጅ አላየሁም፣ ታሪኩንማ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፣ እዛ ተኮልኩለን የምናየው ይሄኛው ልጅ ምን ያደርጋል የሚለውን ነበር።

አሁን ልጆች "አቦ እነዚህ ጌም የሚሠሩ ሰዎች ታሪክ አለቀባቸው እንዴ፣ ሁሌ ያው ነው" ሲሉ ስሰማ ያ ጌም ቤት ነው ትዝ የሚለኝ። ቅሬታው ውሸት አይደለም፣ እውነትም ይደጋገማል። ግን "ያው ነው" ብሎ መተው በጣም ነው የሚቆጨኝ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚጣፍጠው ነገር ያለው እዛው ድግግሞሹ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ የቆየ ተከታታይ ጌም ይዛችሁ ለምን እንደሚደጋግም ራሳችሁ እንድትደርሱበት እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀት ያዙ። ስልክ አይሁን፣ ወረቀት ይሁን፣ ጎን ለጎን ማየት ስላለባችሁ። ከዛ የእያንዳንዱን ክፍል ታሪክ ስም ሳትጠሩ በአንድ ትንፋሽ ጻፉት። ጂቲኤን እንውሰድ፣ ሁላችንም ስለምናውቀው። "አንድ ሰው ከተማ ይገባል፣ ለትላልቆቹ ወንጀለኞች እየሠራ ያድጋል፣ ያመነው ሰው ይከዳዋል፣ ይበቀላል።" በቃ ይሄው ነው። 2001 የወጣው ጂቲኤ 3 ላይ ካታሊና የገዛ ፍቅረኛዋን፣ እኛ የምንጫወተውን፣ ተኩሳበት ጥላው ትሄዳለች፣ 2002 ቫይስ ሲቲ ላይ ላንስ ጓደኛውን ቶሚን ይሸጠዋል፣ 2004 ሳን አንድሪያስ ላይ ደግሞ ቢግ ስሞክ፣ ያ አብሮን የበላ የጠጣ ቢግ ስሞክ፣ እኔ እስካሁን አልወጣልኝም።

ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ ስትጽፏቸው አንድ ሰው ነው የጻፋቸው ትላላችሁ። ቆይ አትቸኩሉ፣ አሁን ቀጣዮቹን ሁለቱን ጨምሩና "እኔ የተቀመጥኩት የማን ወንበር ላይ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። 2008 ጂቲኤ 4 ላይ ክህደቱ ጌሙ ከመጀመሩ በፊት ጦርነት ላይ አልቋል፣ የምንጫወተው ኒኮ አሜሪካ የመጣው እሱንና ጓደኞቹን የከዳቸውን ሰው ሊፈልግ ነው፣ ሲያገኘው ደግሞ ጓደኞቹ የተሸጡት በ1000 ዶላር እንደሆነ ይሰማል፣ ግደለው ወይ ተወው የሚለው ለእናንተ ይቀራል። 2013 ጂቲኤ 5 ላይ ደግሞ ማይክል ራሱ ነው ከዳተኛው! ጓደኞቹን ሸጦ ሞቷል አስብሎ ተደብቆ የሚኖር ሰው፣ እሱንም ትጫወታላችሁ፣ የተከዳውን ትሬቨርንም ትጫወታላችሁ። ተከድታችሁ ጀመራችሁ፣ ከዳተኛ ፈላጊ ሆናችሁ፣ መጨረሻ ላይ ከዳተኛው እናንተ ሆናችሁ። ይሄንን አምስቱን ወረቀት ላይ ሳልደረድር በፊት በጭራሽ አላየሁትም ነበር። አጥንቱ ያው ነው፣ ወንበሩ ነው የዞረው።

ቴከን የሚባለው የድብድብ ጌም ላይ ይሄንኑ ስትሠሩ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ያስደነግጣል። ሄይሃቺ ልጁን ካዙያን በሕፃንነቱ ከገደል ይጥለዋል፣ በመጀመሪያው ቴከን፣ 1994 ማለት ነው፣ ካዙያ አድጎ ያሸንፍና አባቱን ከገደል ይጥላል፣ ቴከን 2 ላይ አባት ይመለስና ልጁን እሳተ ገሞራ ውስጥ ይከታል፣ 1997 ቴከን 3 ላይ የልጅ ልጁን ጂንን ያሠለጥናል፣ ድሉን ካገኘ በኋላ ይተኩስበታል፣ ቴከን 7 ላይ ካዙያ አባቱን አሸንፎ እሳተ ገሞራ ውስጥ ይጥለዋል፣ 2024 ቴከን 8 ላይ ደግሞ ተራው የጂንና የካዙያ ነው። ገደል፣ ገደል፣ እሳት፣ ጥይት፣ እሳት። ግን ደም መላሽ ያለበት አገር ያደገ ሰው ይሄን "ታሪክ አለቀባቸው" አይለውም። ቂም እንደዚህ ነዋ የሚሄደው፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ፣ ምክንያቱን ማንም ሳይጠይቅ። እዚህ ላይ ድግግሞሹ ራሱ ነው ታሪኩ።

ሁለተኛው ጥያቄ እጃችሁ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ማሪዮ 1985 ላይ ልዕልቷ ተጠልፋ ሊያስፈታት ይሮጣል፣ 1996 ሱፐር ማሪዮ 64 ላይም ያቺው ልዕልት ናት፣ ጠላፊውም ያው ባውዘር ነው፣ ግን አሁን ዓለሙ በሦስት ዳይሜንሽን ነው፣ እንደ ድሮው ወደ ቀኝ መሮጥ ሳይሆን በየአቅጣጫው መሮጥ፣ ካሜራ ማዞር፣ ግድግዳ ረግጦ መዝለል አለ። ታሪኩም አዲስ እጁም አዲስ ቢሆን ጭንቅላታችሁ የቱን ይይዛል? ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ማንኛውንም የማሪዮ ጌም አሥር ደቂቃ ተጫወቱና ይገባችኋል።

ሦስተኛው ግን እኔ በጣም የማስብበት ነው፣ ማሽኑን ጠይቁ። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርዳችሁ የድሮ ፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ ብታገኙና ቤት ወስዳችሁ ፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 ውስጥ ብትከቱት አያነበውም። መጽሐፍ ቢሆን የአያትህን መጽሐፍ አንስተህ ታነባለህ፣ ጌም ግን ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል። 2023 ላይ የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ገበያ ላይ አይገኙም። ሰማንያ ሰባት! ከመቶ አሥራ ሦስቱ ብቻ ቀሩ ማለት ነው፣ ያውም አሜሪካ። እኛ ጋማ ሲዲው ተጭሮ፣ ማሽኑ በአቧራና በሙቀት ተቃጥሎ፣ ጌም ቤቱ ራሱ ተዘግቶ የልብስ ሱቅ ሆኗል። ስለዚህ ሬዚደንት ኢቭል የሚባለው አስፈሪ ጌም፣ 2ኛው የ1998ቱ በ2019፣ 3ኛው የ1999ኙ በ2020፣ 4ኛው የ2005ቱ በ2023 እንደ አዲስ ሲሠሩ "ያንኑ ሊሸጡልን ነው" ብቻ አትበሉ። መሸጡም አለበት፣ እሱን አልክድም፣ ግን ተረት የሚያውቅ ሰው ለሚቀጥለው ልጅ ካላወራው ተረቱ ይጠፋል፣ ጌም ላይ ይሄ ነገር ቃል በቃል ነው።

አራተኛ፣ የዛሬው ልጅ ማነው በሉ። ፖኬሞን 1996 ጃፓን ላይ ሲጀምር ያው ልጅ ከቤት ወጥቶ ጂም የሚባሉ ስምንት የውድድር ቦታዎችን አሸንፎ ሻምፒዮን ይሆናል፣ ያችኑ ካንቶ የምትባል አገር 2004 ላይ እንደገና ሠሯት፣ 2018 ላይ እንደገና። በየመሀሉ ስንት ልጅ ተወለደ? አንተ ሦስተኛ ጊዜህ ነው፣ እሱ የመጀመሪያው ነው፣ ጌሙ ለሁለታችሁም መናገር አለበት። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" የምንለው ምን እንደሚመጣ ስለማናውቅ አይደለማ። ሐረር በአሹራ ለጅቦቹ ገንፎ ሲቀርብም ሥርዓቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰው የሚያየው ዘንድሮ ምን ያህል በሉ የሚለውን ነው፣ ከግማሽ በላይ ከበሉ ዓመቱ ጥሩ ነው ይባላል። ዓይናችሁን እንደዛ አድርጉት፣ የማይለወጠውን ሥርዓት ልቀቁትና ገንፎውን እዩ።

ይሄ ዓይን ከያዛችሁ በኋላ እየደጋገሙ መሆናቸውን የሚያውቁ ጌሞች ይገለጡላችኋል፣ እኔ ከሁሉ የምወዳቸው እነሱን ነው። ዜልዳ ከ1986 ጀምሮ አንድ ልጅ፣ አንዲት ልዕልት፣ አንድ ክፉ ነው። 2002 ላይ የወጣው ዊንድ ዌከር ግን ሲጀምር ያንን የድሮ ተረት ይነግራችሁና ክፉው ሲመለስ ሕዝቡ ጀግናውን ጠበቀ፣ ጀግናው አልመጣም ይላል። አገሩ በሙሉ ባሕር ሥር ገባ። እናንተ የምትቀዝፉት በዛ አገር ላይ ነው። ተረቱን ለሚያውቅ ሰው ይቺ አንዲት ነገር ምን ያህል ልብ እንደምትነካ! ከዛ 2011 ስካይዋርድ ሶርድ በሚባለው የዜልዳ ክፍል ላይ ክፉው ሲሞት ጥላቻዬ እየተወለደ የእናንተን ዘር ይከተላል ብሎ ይራገማል፣ እና ድግግሞሹ እርግማን ሆነ። ፋይናል ፋንታሲ 7 ደግሞ 1997 ላይ ከዋናዎቹ ሰዎች አንዷ ኤሪስ ስትሞት ስንት ሰው አልቅሷል፣ 2020 ላይ ሪሜክ ብለው፣ እንደ አዲስ ሠርተውት ሲመጡ ታሪኩ ከድሮው መንገድ ሊወጣ ሲል እየመጡ የሚመልሱት ጥላ የመሰሉ መንፈሶች ጨመሩበት። ሞርታል ኮምባት 2011 ላይ ራይደን የሚባለው የነጎድጓድ አምላክ ሊሞት ሲል ለድሮው ራሱ መልእክት ይልክና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጌሞች ታሪክ እንደገና ይጀምራል፣ ሁሉንም ታውቁታላችሁ፣ ግን በሄደ ቁጥር እየተጣመመ ይሄዳል።

ሰነፍ ድግግሞሽ የለም እያልኩ አይደለም፣ ሞልቷል። ትልቅ ጌም ዛሬ ብዙ መቶ ሰው ለዓመታት ነው የሚሠራው፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ፈሶ ማንም በማያውቀው ስም መውጣት ያስፈራል፣ ስለዚህ የታወቀውን ስም ይይዛሉ። መለያው ቀላል ነው፣ ወረቀታችሁን አውጡና አዲሱን ከድሮው አጠገብ ጻፉ፣ ወንበሩ ካልዞረ፣ እጃችሁ አዲስ ነገር ካልሠራ፣ የድሮውን የሚያውቅ ሰው አንድም ቦታ ካልደነገጠ፣ ያኔ ብራችሁን ያዙ።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ሬዚደንት ኢቭልን ከአዲሶቹ ጀምሩ፣ ቴከንንና ዜልዳን ከየትም፣ ፋይናል ፋንታሲ 7ን ግን በምንም ተአምር የ1997ቱን ሳታውቁ ወደ ሪሜክ አትግቡ፣ ግማሹ ያልፋችኋል። ድሮውን የሚያጫውት ማሽን ከሌላችሁ ዩቲዩብ ላይ ምንም ሳያወሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫውተው የሚለቁ ሰዎች አሉ፣ በለሊት ፓኬጅ በዝቅተኛ ጥራት አውርዱት፣ የድሮ ጌም ስለሆነ ጥራቱ ብዙም አይጎዳችሁም። ከቻላችሁ ደግሞ ብቻችሁን አትዩ፣ ድሮውን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ጭራሽ የማያውቅ አንድ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

እኔ አዲሱን ሬዚደንት ኢቭል 4 ከእህቴ ልጅ ጋ ነው የተጫወትኩት፣ ሳቢያን ሰፈር እነሱ ቤት፣ ማራገቢያው ፊታችን ተደርጎ። መጀመሪያ ላይ የምንጫወተው ሊዮን አንድ መንደር ሲገባ ሁሉም ሰው መጥረቢያና መንሽ ይዞ ይመጣበታል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስኪደወል መትረፍ ነው። በድሮው አንድ ግንብ ነበረች፣ መሰላሏን ወጥታችሁ ለትንሽ ጊዜ ትንፋሽ የምትሰበስቡባት፣ እኛ ጊዜ ሁሉም ወደዛች ነበር የሚሮጠው። ልጁ ጆይስቲኩን ይዟል፣ ከበቡት፣ እኔ ከኋላ "ግንቡ! ግንቡ ላይ ውጣ!" እያልኩ ነው፣ ሮጠ፣ ወጣ፣ ገና እግሩ ሲያርፍ ወለሉ ተደርምሶ ይዞት ወረደ። ብድግ ብዬ ጮህኩ። የሠሩት ሰዎች እኔ እንደምመጣ፣ ወደዛች ግንብ እንደምሮጥ ያውቁ ነበር። ልጁ ዞሮ አየኝና "ምን ሆንክ አጎቴ፣ እንጨት ነዋ፣ ይሰበራል" አለኝ፣ መጫወቱን ቀጠለ።