«ተመስገን» እያልን በቤተሰባችን ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በሥርዓተ ቅዳሴው መግቢያ ላይ የሚደርሰው ጸሎተ አኮቴት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» (በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው) ብሎ ይጀምርና እግዚአብሔር ያደረገልንን በየተራ ይቆጥራል፦ ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ አቀረበን፣ ተቀበለን፣ አጸናን፣ እስከዚች ሰዓት አደረሰን። ይህን ሰምቶ ወደ ራሱ ሕይወት የሚመለስ ሰው እነዚህ ነገሮች የተደረጉለት በማን እጅ እንደሆነ አይጠፋውም። የሰወረችው አክስቱ ናት። የረዳው ከደመወዙ ቀንሶ ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው። የጠበቀችው ትኩሳት የያዘው ሌሊት ቁጭ ብላ ያደረችው እናቱ ናት።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ምስጋናውን ወደ ላይ እንልክና ሰዎቹን እናልፋቸዋለን። በሃይማኖተኛ ቤት ይህ ስህተት ቶሎ አይታይም፤ «ተመስገን» የሚለው ቃል ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚሰማ ምስጋና የጎደለበት ቤት አይመስልም። ደጋግሜ የማያቸውን ላንሳ።

ማዕዱን ባርኮ ያዘጋጀችውን መርሳት

የፋሲካን ሌሊት አስቡት። 55 ቀን ተጾሞ ሁሉም ነጠላውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ነው። እናት ከትናንት ጠዋት ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ ውላለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ ብልት በብልት ወጥቷል፣ ቁሌቱ ለሰዓታት ተቁላልቷል፣ እሷም ፈሳሽ ሳትቀምስ ነው የጨሰችው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰው ይመለሳል፣ አባት ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፣ «እንኳን አደረሰን፣ ለዚህ ያበቃን አምላክ ይመስገን» ይባላል፣ ሁሉም «አሜን» ይላል። ከዚያ አንዱ ቀምሶ «ጨው ትንሽ አነሰው እንዴ?» ይላል። እሷ ጨው ልታመጣ ትነሣለች። ስትመለስ የተረፈላት ክንፉ ነው።

«እጅሽ ይባረክ» የሚለው ምርቃት ለዚህ ሰዓት የተዘጋጀ ነበር። በሰው ቤት ስንጋበዝ አንረሳውም፣ በራሳችን ቤት ነው የሚጠፋን። ማዕዱን ለሚባርክ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ ከፈጣሪ ስም ቀጥሎ የእሷን ስም ጥራ። ይህ ጸሎቱን አያረክሰውም። በቅዳሴም ቢሆን መባ ያመጡት ይታሰቡበታል።

አባቶች ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ይለያል። የእኛ አባቶች ፊት ለፊት ሲመሰገኑ ወሬውን ወደ ዝናቡ ወይም ወደ መኪናው ዘይት ይለውጡታል። እነሱን ማመስገን የሚሻለው በመጠየቅ ነው። «አባዬ፣ ያኔ ሥራ ያቆምክ ጊዜ ስድስታችንን እንዴት ነበር ያኖርከን?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ከዚያ ወዲያ የሚወራው ብዙ ነው።

ብሩን እንጂ ላኪዋን አለማየት

ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ያውቁታል። ስልክ ትደውላለች። «ገባ?» ትላለች፤ «ገባ፣ ተመስገን!» ይባላል። ከዚያ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአጎት መድኃኒት ይዘረዘራል። ሌሊት ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ የዕረፍት ቀን ይሰጧት እንደሆነ፣ የዘንድሮን ጥምቀት በምን ሁኔታ እንዳሳለፈች የሚጠይቃት የለም። አንዳንዷ ጾሙን ለብቻዋ ይዛ፣ ለአሠሪዎቿ ሥጋ እያበሰለች ነው የምትውለው። ቤት ውስጥ ደግሞ «የውጭ በር ስለከፈትክልን» እየተባለ ይጸለያል። በሩ እሷ መሆኗን የሚያስብ የለም።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ ከፊልጵስዩስ ገንዘብ ተልኮለት ነበር፤ ይዞ የመጣው አፍሮዲጡ የሚባል ሰው ነው። የፊልጵስዩስን መልእክት ስታነቡ ሐዋርያው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ሰውየው ነው። በምዕራፍ 2 ላይ ለሞት እስኪደርስ ታሞ እንደነበር፣ የአገሩ ሰዎች መታመሙን በመስማታቸው እንደተጨነቀ፣ ሲመጣ በደስታ እንዲቀበሉት ይጽፋል። የገንዘቡ ነገር የሚነሣው በምዕራፍ 4 ነው፤ እዚያም «ስጦታውን ፈልጌ አይደለም» ይላል።

ይህን ቅደም ተከተል በስልክ ላይ መሞከር ይቻላል። ከብሩ በፊት ስለ ጤናዋ ጠይቁ። በወር አንድ ጊዜ እንኳ የገንዘብ ነገር የማይነሣበት ስልክ እናንተ ደውሉላት፤ እሷ እስክትደውል አትጠብቁ። የላከችው ምን ላይ እንደዋለ እውነቱን ንገሯት፣ ያልተሠራውን ቤት ተሠራ አትበሏት። በስሟ ሊገዛ የነበረው ቦታ በሌላ ሰው ስም ወጥቶ የጠበቃት ልጅ ስንት አለች! እዚያ ቤት «ተመስገን» የሚለው ቃል ምን ትርጉም እንዳለው እኔ አይገባኝም።

«ስንቱ አለ» እያሉ ማመስገን

የጎረቤት ልጅ ሱስ ያዘው ሲባል «የእኔን የጠበቀልኝ ይመስገን» እንላለን። የእገሌ ትዳር ፈረሰ ሲባልም እንዲሁ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ጸሎቱን የጀመረው በማመስገን ነበር፤ እንደ ሌሎች ሰዎች ባለመሆኑ አመሰገነ። ጸድቆ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በሰው ልጅ ውድቀት ላይ የቆመ ምስጋና የራስ ልጅ የወደቀ ዕለት የሚይዘው ነገር ያጣል።

የስለት ልጅን ባለዕዳ ማድረግ

ይህን ሰፋ አድርጌ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ብዙም ሲነገር አልሰማም። ታኅሣሥ 19 ቀን በምሥራቅ ሐረርጌ ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው በጀርባ የታዘሉ ሕፃናትን ያያል። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ይህ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ለማግኘት ከሚሳልባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው፤ ስለታቸው የሠመረላቸው ወላጆች ጃንጥላና ሻማ ይዘው፣ ልጃቸውንም አዝለው ይመጣሉ፣ እዚያው ክርስትና የሚያስነሡም ብዙ ናቸው። ያን ሕዝብ ማየት ራሱ ደስ ይላል።

ስህተቱ የሚመጣው ልጁ ካደገ በኋላ ነው። «አንተን እኮ በስለት ነው ያገኘሁህ» የሚለው ንግግር በአምስት ዓመቱ ሲሰማው ፍቅር ነው፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ሲሰማው ተግሣጽ ነው፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ሲሰማው ሂሳብ መጠየቂያ ነው። የሚማረውን ትምህርት ሲመርጥ፣ የሚያገባትን ሲያመጣ፣ ሌላ ከተማ ሥራ ሲያገኝ ያ ስለት ይነሣበታል። ልጁም አፍ አውጥቶ አይናገረው እንጂ ያልተበደረውን እየከፈለ መሆኑን ያውቀዋል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የምናገኛት ሐና የስለት እናቶች ሁሉ ምሳሌ ናት። ልጅ አጥታ አለቀሰች፣ ተሳለች፣ ሳሙኤልን ወለደች፤ ጡት ሲጥል ወደ ሴሎ ወስዳ ለእግዚአብሔር ሰጠችው። ምዕራፍ 2 ላይ ያለው የምስጋና ጸሎቷ የተጸለየው ልጁን ትታው ልትመለስ ስትል መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ደግሞ አጭር ነው፦ በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ታናሽ መደረቢያ ሠርታ ታመጣለት ነበር። ልጁ በየዓመቱ ያድጋል፣ ስለዚህ ያምናው መደረቢያ አይሆነውም፤ እናቱ ርቃ እየኖረች ዘንድሮ ምን ያህል እንዳደገ ገምታ መስፋት ነበረባት። «በስለት ወለድኩህ» ስትለው አናነብም። የምናነበው ልብሱን ስታመጣለት ነው። የስለት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ዘንድሮ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ?

አገልግሎትን ከቤት መሸሻ ማድረግ

ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ማኅበሩ፣ ጉባኤው፣ መዝሙር ጥናቱ፣ በወንጌላውያኑም በኩል የጸሎት ፕሮግራሙና የቡድን ስብሰባው ጊዜ ይወስዳሉ፤ መውሰዳቸውም ክፋት የለውም። ግን አልጋ የያዘ አባቱን ለሠራተኛ ትቶ በየማኅበሩ ድግስ ወጥ የሚያወጣ ሰው አለ። ቀርበህ ብትጠይቀው «የእግዚአብሔር ቤት ይቀድማል» ይልሃል።

ጌታ ይህን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 በቀጥታ ነቅፎታል። አባትና እናቱን ሊረዳበት የሚገባውን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» ብሎ የሚከለክል ሰው የእግዚአብሔርን ቃል በወጉ ይሽራል አለ። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ከማያምን ይልቅ የከፋ ነው ብሏል። ከዚህ በላይ ጠንከር ያለ ቃል ማግኘት ይከብዳል። የአባትን ገላ ማጠብ፣ ሌሊት ሽንት ቤት ማድረስ አገልግሎት ተብሎ በማኅበሩ ሪፖርት ላይ አይጻፍም፤ የሚያጨበጭብም የለም። ምናልባት የምንሸሸው ለዚህ ይሆናል።

ምስጋናን ለተዝካር ማቆየት

«ሳለ አባትህ አጊጥ፣ ሳለ ጀምበር ሩጥ» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን በሕይወት ሳሉ ለመድኃኒት ያልወጣውን ገንዘብ በአርባቸው ለድንኳንና ለሰንጋ እናወጣዋለን፤ በድግሱ ላይም «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ!» ይባላል፣ እሳቸው በማይሰሙበት። ለሙታን መጸለይን፣ ፍትሐቱንና ቅዳሴውን እየነቀፍኩ አይደለም። እሱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ ለዚያም ያን ያህል ወጪ አይጠይቅም። ወጪው ሰው ምን ይለኛል ከሚለው ነው የሚመጣው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 3 ላይ «አባትህን በእርጅናው እርዳው» ይላል፣ አእምሮው ቢደክምም ታገሠው ብሎ ይጨምራል። ያንኑ ታሪክ ለአሥረኛ ጊዜ ሲነግሯችሁ እንደ አዲስ መስማት ከዚህ ይቆጠራል።

«በሁሉ አመስግኑ» ብሎ የተጎዳን አፍ መዝጋት

ባሏ የሚደበድባት ሴት፣ በልጅነቱ ዘመድ የበደለው ወጣት፣ አባቱ ጥሎት የሄደ ልጅ ስለ ቤተሰብ ምስጋና ሲሰሙ የሚሰማቸው ሌላ ነው። «በሁሉ አመስግኑ» ብሎ እነሱን ዝም ማሰኘት የተለመደ ነው። ጥቅሱ የመጀመሪያ ተሰሎንቄ 5፥18 ነው፤ አራት ቁጥር ወደ ላይ ብትሉ ያው ሐዋርያ ያለ ሥርዓት የሚሄዱትን ገሥጹ፣ ለደካሞች ትጉ ይላል። ስለዚህ የሚመታውን ሰው ሳይገሥጹ የተመታችውን «አመስግኚ» ማለት ጥቅሱን በግማሽ ማንበብ ነው። እንዲህ ያለችው ሴት በቅድሚያ የሚያስፈልጋት ደኅና የምታድርበት ቤትና የሚሰማት ሰው ነው።

ዳዊትም አባቴና እናቴ ትተውኛል፣ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ ብሎ ዘምሯል። ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለዮሐንስ፣ ዮሐንስን ለእናቱ ሲሰጥ ደግሞ ያልተዋለዱ ሰዎች ቤተሰብ ሆኑ። የክርስትና እናትና አባት የምንለውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ግን የክርስትና ልጆቻችንን ከተጠመቁበት ቀን በኋላ የት እንዳሉ አናውቅም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ታቅፈን የቆምነው ለአንድ ቀን ፎቶ አልነበረም።

ከወንድም ጋር ተኳርፎ ማመስገን

ወላጆች ሲያልፉ የሚቀረው ቤት ስንቱን ወንድምና እህት ፍርድ ቤት አቁሟል። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል በአጠገባችን ለቆመው ለማናውቀው ሰው እጅ እንነሣለን፤ በዚያኛው ረድፍ ለቆመው ለገዛ ወንድማችን ግን ፊታችንን እናዞራለን። አንድ ሰው ጌታን «ወንድሜ ርስቱን እንዲያካፍለኝ ንገረው» ባለው ጊዜ ጌታ ፈራጅ ሊሆን አልፈለገም፤ ከመጎምጀት ተጠበቁ ብሎ አለፈ። ስለ መባው ግን ግልጽ ነው፦ ወንድምህ ያዘነብህ እንደሆነ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ።

ክርክሩ ወረቀት ላይ የደረሰ ቢሆንም ሽማግሌ መላክ ይቻላል። ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ምረጡ፤ የአንዳችሁ ብቻ ወዳጅ የሆነ ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። ንስሐ አባታችሁ አንድ ከሆኑ ይበልጥ ይቀላል። ቤቱ ተሸጦ ይካፈል ወይስ ይከራይ የሚለው በመጀመሪያው ቀን ካልተነሣ ይሻላል፤ ያን ቀን ሻይ ጠጥታችሁ ስለ እናታችሁ አውሩ። የቤቱ ጉዳይ በሁለተኛው ቀጠሮ ይድረስ፣ ካርታውንና የውርስ ማስረጃውንም ያን ጊዜ ይዛችሁ ኑ።