ዳገት ላይ የሚደክም ሃይሉክስ፦ ኤር ፍሎ ሰንሰሩን ፈልጎ ማግኘትና ማጽዳት

ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ዳገት ሲጀምር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይራመድም። የእኔ ሃይሉክስ፣ ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን፣ እንዲህ ያደረገኝ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ነው። ጭነት ነበረኝ። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ። መንገድ ላይ የገባሁበት ጋራዥ «የቤንዚን ፓምፑ ደክሟል» አለኝና ፓምፑ ተቀየረ። ስመለስ ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን ባለው ዳገት ላይ ያው ድካም ጠበቀኝ።

ጥፋቱ የተገኘው አዲስ አበባ ነው። ኤር ፍሎ ሰንሰሯ ውስጥ ያለች፣ ከፀጉር ብዙም የማትወፍር አንዲት ሽቦ አቧራ ተጋግሮባት ነበር። ማጽዳቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጀም፤ እሱም አብዛኛው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ለፓምፑ ያወጣሁት ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህን የምጽፈውም ሌላ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ይህችን ሰንሰር እንዲያያት ብዬ ነው።

ሰንሰሯ ምን ትሠራለች?

ሞተር ቤንዚን ብቻውን አያቃጥልም። ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ ከመወሰኑ በፊት ስንት ግራም አየር እንደገባ ማወቅ አለበት። ይህን የምትነግረው መካኒኮች ኤር ፍሎ የሚሏት ሰንሰር ናት። ውስጧ በኤሌክትሪክ የምትግል ቀጭን ሽቦ አለች። የሚያልፈው አየር ሽቦዋን ያቀዘቅዛታል። ሙቀቷ እንዳይወርድ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይላክላታል። ኮምፒውተሩ የአየሩን ልክ የሚያውቀው ከዚያ ኤሌክትሪክ ነው።

አቧራና የዘይት ጭጋግ ሲጋገርባት ሽቦዋ ብርድ ልብስ እንደለበሰች ትሆናለች። አየሩ በደንብ አያገኛትም። ብዙ አየር እየገባ «ትንሽ ነው» ብላ ትናገራለች። ኮምፒውተሩም ያምናታል፤ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ሞተሩ ከምንጊዜውም በላይ ነዳጅ በሚፈልግበት ዳገት ላይ ይራባል ማለት ነው።

ምልክቶቹ

ጉልበት ማጣቱ ዋናው ነው። ሌሎችም አሉ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት ቆሞ ሲሠራ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ዝቅ ይላል፤ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ አንዳንዴ ይጠፋል። ከቆመበት ነዳጅ ስትሰጡት አንድ አፍታ ያመነታል፣ ከዚያ ይስፈነጠራል። ቤንዚን ይበላል። የቼክ ኢንጂን መብራት ሊበራም ላይበራም ይችላል። የእኔ ለሳምንታት አልበራም ነበር፤ ስለዚህ መብራት ካልበራ ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

በናፍጣ ሞተር ትንሽ ይለያል። እዚያ ሰንሰሯ ከናፍጣው መጠን በተጨማሪ የተቃጠለ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን ኢጂአር ቫልቭ ለመቆጣጠር ታገለግላለች። ስትሳሳት መኪናው ይደክማል ወይም ጥቁር ጭስ ያበዛል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የድሮዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች፣ ሁለት ኤል፣ ሦስት ኤልና አምስት ኤል ሞተር ያላቸው፣ ይህች ሰንሰር የለቻቸውም። ናፍጣቸውን የሚመጥነው ሜካኒካል ፓምፕ ነው። እነሱ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም።

እሷ መሆኗን ማረጋገጥ

ስካነር፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ፣ ያለው መካኒክ ጋ ስትሄዱ የብልሽት ኮድ ብቻ አንብቦ እንዲሸኛችሁ አትፍቀዱ። ፒ0101 የሰንሰሯ ንባብ ከሚጠበቀው ውጪ ነው ማለት ነው። ፒ0102 እና ፒ0103 ደግሞ ሲግናሉ በጣም ወርዷል ወይም በጣም ወጥቷል የሚሉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሽቦ ወይም የሶኬት ጉዳይ ነው። ፒ0171 የሚለው ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል ብቻ ነው። ለምን እንዳነሰው አይናገርም።

ለምን የሚለውን የሚናገረው ፊውል ትሪም የሚባለው ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ከሒሳቡ ላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ያሳያል። እስከ 10 ድረስ ብዙ አያሳስብም። መታየት ያለበት መቼ እንደሚወጣ ነው። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዙርና ጭነት ሲጨምር የሚወጣ ከሆነ ኤር ፍሎዋ ትጠረጠራለች። ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ዙር ሲጨምር የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከሰንሰሯ በኋላ የሆነ ቱቦ ተሰንጥቋል ወይም ላልቷል። ያልተቆጠረ አየር በዚያ እየገባ ነው። ሰንሰሯ ምንም አላጠፋችም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የደከመ የቤንዚን ፓምፕም ልክ እንደቆሸሸች ሰንሰር ዙር ሲጨምር ቁጥሩን ያወጣዋል። ስለዚህ ያ ጋራዥ ፓምፑን መጠርጠሩ ልክ ነበር። ጥፋቱ ሳይለካ መቀየሩ ነው። የቤንዚን ግፊት በጌጅ ይለካል፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ግፊቱ ደህና ከሆነ ፓምፑን ተዉት።

ስካነር ከሌለ ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩን አጥፉ፣ የሰንሰሯን ሶኬት ንቀሉ፣ አስነሱትና ትንሽ ንዱት። ኮምፒውተሩ ሰንሰሯን ሲያጣ ከዙሩና ከነዳጅ መስጫው አቀማመጥ ገምቶ ይሠራል። መኪናው ሶኬቱ ተነቅሎ የተሻለ ከሄደ ሰንሰሯ እየዋሸች ነበር። መብራቱ ይበራል፤ አትደንግጡ፣ ኮዱ በኋላ ይጠፋል።

የንባብ ቁጥር ለምታዩ ደግሞ ስለ ከፍታው አስታውሱ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ሰንሰሯ የምታሳየው ግራም በሌላ አገር ከተጻፈው ያነሰ ቢሆን አይገርምም። ጤነኛ ሰንሰር በዚህ ምክንያት ስትጣል አይቻለሁ። በቤንዚን ሞተር የሚኒሞው ንባብ ግን ያን ያህል አይለወጥም፤ መካኒኮች በአንድ ሊትር ሞተር በሰከንድ 1 ግራም ገደማ ብለው ይገምታሉ። የእኔው ባለ 2.7 ከ3 ግራም ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

የት ናት?

ኮፈኑን ክፈቱ። የአየር ፊልትሮው ያለበትን ትልቅ ጥቁር ሳጥን ፈልጉ፤ ክዳኑ በብረት ክሊፖች የተያዘ ነው። ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በዓይናችሁ ተከተሉ። ከሳጥኑ መውጫ ላይ፣ ቱቦው ከመጀመሩ በፊት፣ ሶኬት የገባባት ትንሽ ጥቁር ፕላስቲክ ታያላችሁ። በሁለት ብሎን ታስራለች። አምስት ሽቦ አላት፤ አምስት የሆነው የሚገባውን አየር ሙቀት የምትለካ ሌላ ሰንሰርም አብራት ስላለች ነው። በናፍጣዎቹም ቦታዋ ከፊልትሮው በኋላ፣ አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ተርቦ በፊት ነው።

እዚያ ቦታ ምንም ከሌለ መኪናችሁ የአየር ግፊት በሚለካ ማፕ ሰንሰር የሚሠራ ሊሆን ይችላል። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ የሚገኘውም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ላይ ወይም በቱቦ ከእሱ ጋር ተገናኝቶ ነው።

አጸዳዷ

መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ዕቃ ያዙ። ቆርቆሮው ላይ ለኤር ፍሎ ሰንሰር ማጽጃ ተብሎ የተጻፈበት ስፕሬይ ያስፈልጋል። የካርቡሬተር ማጽጃና የፍሬን ማጽጃ አይሆኑም፤ ፕላስቲኩን ሊበሉት ወይም ሽቦዋ ላይ ቅሪት ሊተዉ ይችላሉ። ቤንዚንም አይሆንም። ትክክለኛው ካልተገኘ 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይሠራል። ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 70ው ውስጥ ግን ውኃ ስላለ ተዉት።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ሽቦዋ ግላ ሳለ መርጨት አደገኛ ነው፤ ስፕሬዩ እሳት ይይዛል። ሰንሰሯን ከመንቀላችሁ በፊት ዙሪያዋን በጨርቅ ጥረጉ፤ አለዚያ ያ አቧራ ወደ ቱቦው ይገባል። የሶኬቱን መያዣ ጫን ብላችሁ ሶኬቱን ሳቡ። ሽቦውን ይዛችሁ አትጎትቱ። ሁለቱን ብሎኖች ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቪቴ ፍቱ፤ ማግኔት ያለው ከሆነ ብሎኑ አይወድቅባችሁም። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ አውጧት።

ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ውስጧን እዩ። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሽቦዋ ትታያለች። የእኔዋ እንደ ሱፍ ቡናማ ለብሳ ነበር።

ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት በአጭር በአጭሩ ከ10 እስከ 15 ጊዜ እርጩባት። በሁሉም አቅጣጫ፣ መተላለፊያው ውስጥና የሙቀት መለኪያዋም ላይ። ቆሻሻው ራሱ ታጥቦ ይወርዳል። በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ፣ በብሩሽ፣ በጨርቅ፣ በጣት አትንኳት። በኮምፕሬሰርም አትንፉባት። ብዙ ሰው ሰንሰሯን የሚገድላት ሲያጸዳት ነው፤ ሽቦዋ ከተበጠሰች መመለሻ የለም።

ከዚያ ጥላ ባለበት ንጹሕ ቦታ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጧት። በፀጉር ማድረቂያ አታፍጥኑት። ስትመልሱ ዙሪያዋ ያለው ጎማ ቀለበት አለመሰንጠቁን እዩ። ብሎኑን ጠበቅ አድርጉ እንጂ አትጨፍልቁ፤ የሚይዘው ፕላስቲክ ነው።

አቧራው ከየት መጣ?

ይህን ካላገኛችሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ታጸዳላችሁ። ከፊልትሮው በኋላ ያለ ቦታ ንጹሕ መሆን አለበት። ሰንሰሯ ወጥታ እያለች የፊልትሮውን ሳጥን ክፈቱና ከፊልትሮው ወዲያ፣ ወደ ሞተሩ ባለው በኩል፣ ነጭ ሶፍት አስነኩ። አቧራ ከያዘ ፊልትሮው እያሳለፈ ነው።

የእኔ ጥፋት እዚህ ነበር። ፊልትሮዬን ጎማ ቤት በሄድኩ ቁጥር በኮምፕሬሰር አስነፋው ነበር። የኮረኮንች መንገድ አቧራ ሲበተን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱ ግን በኃይለኛ አየር ይቀደዳል። አውጥቼ ወደ ፀሐይ ሳየው እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ነበሩት። መንፋት ካለባችሁ በቀስታ፣ ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ወገን ይሁን። ከዚያ የተሻለው መቀየር ነው። አዲስ ስትገዙም ጠርዙን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ርካሽ ሆኖ ጠርዙ በደንብ የማይገጥም ፊልትሮ በዳር በኩል አቧራ ያሳልፋል። ክሊፖቹም ሁሉም መያዛቸውን እዩ። ቱቦውን ደግሞ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ስንጥቁ የሚታየው ሲታጠፍ ነው። ሳጥኑ ውስጥ አይጥ ጎጆ የሠራበት መኪናም አጋጥሞኛል፤ ገጠር ለሚያድር መኪና ብርቅ አይደለም።

ከተጸዳች በኋላ

ኮምፒውተሩ በቆሸሸችው ሰንሰር ጊዜ የለመደውን ሒሳብ በስካነር አስጠፉ። ካልሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ለጥቂት ደቂቃ ንቀሉ። ከዚያ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር፣ ዳገትም ሜዳም ንዱት። የእኔ ፊውል ትሪም ጭነት ላይ 19 የነበረው ወደ 5 ወረደ።

ካልተሻለው ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት መድረሱንና የመሬት (ኔጌቲቭ) ሽቦው ደህና መሆኑን አስለኩ። ሽቦው ደህና ሆኖ ንባቡ የማይስተካከል ከሆነ ሰንሰሯ ሞታለች፤ መግዛት ነው። አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ። ጎኗ ላይ ያለው ቁጥር፣ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ በ22204 የሚጀምረው፣ እስከ መጨረሻው አኃዝ መመሳሰል አለበት። መልኳ አንድ ሆና የሌላ ሞተር የሆነች አለች፤ እሷም ትዋሻለች። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያገለገለች ኦሪጅናልም ትገኛለች፤ እኔ ከማይታወቅ አዲስ እሷን እመርጣለሁ። ሻጩ ከፈቀደ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ገጥማችሁ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ስካነሩ ላይ በሰከንድ ከግማሽ ግራም በታች ማንበብ አለባት። ከዚያ በላይ ካነበበች መልሱለት።